የላትቪያ ስደተኞች ዘፈንና ድርሰት

አንድ ሕዝብ ከአገሩ ተሰዶ በሚወጣበት ጊዜ ርስቱንና ቤቱን ትቶ ይሄዳል፤ ቋንቋውን ግን ይዞት ይወጣል። ይሁን እንጂ ይዞ መውጣትና በሕይወት ማኖር አንድ አይደለም። ቋንቋ በሰው አገር የሚኖረው እንደ ቅርስ በሣጥን ተቈልፎ ነው ወይስ እንደ ገንዘብ በየቀኑ እየተመነዘረ? ለዚህ ጥያቄ የላትቪያ ሕዝብ ታሪክ ግልጥ ምሳሌ ስለሚሆነን፣ ስደተኞቹ ስላቋቋሙት ማኅበርና ስለ ደረሱት ድርሰት ያለንን አስተያየት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ላትቪያ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ አገር ስትሆን ነፃነቷን ያወጀችው በ1918 ነው። በ1940 የሶቪየት ጦር ያዛት፤ በ1941 የናዚ ጀርመን ጦር ተተካ፤ በ1944 የሶቪየት ጦር ተመልሶ ሲገሠግሥ እጅግ ብዙ ሕዝብ አገሩን ለቆ ሸሸ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከ100,000 የሚበልጡ ላትቪያውያን ከአገራቸው ውጭ ይገኙ ነበር፤ አብዛኞቹም በጀርመን በስደተኞች ሰፈር ተጠልለው ነበር። ከዚያም ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ እንግሊዝ ተበተኑ፤ ባሕሩን ተሻግረው በስዊድን የቀሩም ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች በደረሱበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ለልጆች የቅዳሜ ትምህርት ቤትና የመዘምራን ማኅበር አቋቋሙ። በ1949 በኒው ዮርክ «ላይክስ» የተባለ ጋዜጣ በቋንቋቸው ማሳተም ጀመሩ፤ ትርጕሙም «ጊዜ» ማለት ነው። በሪጋ ከተማ በ1873 የተጀመረውን ታላቅ የዘፈን በዓል በ1953 በቺካጎ አከበሩት። የበዓሉም መሠረት «ዳይና» የሚባለው አጭር የሕዝብ ዘፈን ነው። ዳይና አብዛኛውን ጊዜ በአራት ስንኝ የሚያልቅ፣ ደራሲው የማይታወቅ፣ በሠርግ፣ በሥራና በሐዘን የሚባል ነው፤ በዚህም ከእኛ የገጠር ዘፈን ጋራ ይቀራረባል። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የተባለው ሊቅ ከ1894 እስከ 1915 ባሳተመው ስብስብ 217,996 ግጥም ይቈጠራል።

ይህን ሁሉ የበዓል ልብስ ለብሶ ከመታየት የማያልፍ ከንቱ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋራ አንስማማም። ወይዘሮ ቫይራ ቪኬ ፍሬይበርጋ በሕፃንነታቸው ከአገራቸው ወጥተው በጀርመንና በሞሮኮ ካደጉ በኋላ በካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆኑ፤ በዚያም የዳይናን ግጥም ሲመረምሩ ኖሩ። ላትቪያ በ1991 ነፃነቷን መልሳ ካገኘች በኋላ በ1998 ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከ1999 እስከ 2007ም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቋንቋው በስደት ባይጠበቅ ኖሮ እኒህን ሴት ለዚህ ክብር ማብቃት ባልተቻለ ነበር።

ነገር ግን የበዓል ዘፈን ጕድለት አለበት፤ ይኸውም ደጉን ብቻ ማስታወሱ ነው። ስደተኛ አገሩን ሲያስብ የበርች ዛፉንና የእናቱን ደጃፍ ያስባል። በዚያው አገር ግን በ1941 መጨረሻ ከሪጋ ከተማ አጠገብ በሩምቡላ ጫካ 25,000 ያህል አይሁዳውያን በሁለት ቀን ተገድለዋል፤ በግድያውም ጀርመኖችን የረዱ ላትቪያውያን ነበሩ። የራሱን መከራ የሚዘምር ሕዝብ የጎረቤቱንም መከራ ሊሸከም የሚችል ቃል ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ቃል ከመዘምራን ይልቅ ከደራሲ እንጠብቃለን።

ደራስያኑስ ምን አደረጉ? አባቶቻችን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ፤ በሬው ከመስኩ ሲርቅ ግን ወይ በአዲሱ መስክ መጋጥ ወይም መክሳት አለበት። በኒው ዮርክ የተሰበሰቡ ወጣት ባለቅኔዎች መጋጥን መረጡ። ማኅበራቸው «የሲኦል ማድ ቤት» የተባለ ሲሆን ስሙ የተወሰደው ከከተማዪቱ አንድ ሠፈር ነው። ከእነርሱም ጉናርስ ሳሊንሽ በ1957፣ ሊናርድስ ታውንስ በ1958 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፋቸውን አወጡ። የሳሊንሽን ግጥም በትርጕም እንኳ ስናየው የሰኔው የሌሊት በዓልና የዳይናው ፀሐይ ከማንሃታን ፎቅና መብራት ጋራ ሲጋቡ እናያለን። ግጥም በትርጕም ሲያልፍ ዜማው እንደሚቀር እናውቃለን፤ አሳቡ ግን ይደርሰናል። በእኛ አስተያየት ከናፍቆት ግጥም ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ቋንቋው የትናንቱን መንደር ብቻ ሳይሆን የዛሬውንም መንገድ ሊናገር እንደሚችል አስመስክሯልና።

ሌላዋ ደራሲ አጋቴ ኔሳውሌ በ1950 በ12 ዓመቷ ወደ አሜሪካ የገባች ናት። በ1995 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ «በአምበር ውስጥ ያለች ሴት» ይባላል። አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ እንደ ድንጋይ የጸናበት የባልቲክ ጌጥ ነው፤ በውስጡ የተያዘ ነፍሳት መልኩ አይጠፋም፤ ነገር ግን አይንቀሳቀስም። መጽሐፉ ስለ ጦርነት ጭካኔና ስለ ረኀብ፣ ይልቁንም በእናትና በልጅ መካከል ስለ ቆመው ዝምታ በድፍረት ይናገራል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ደራሲዋን አንወቅስም፤ የተማረችበትና ያስተማረችበት ቋንቋ ነውና። ሆኖም አንድ ነገር እንድናስብ ያስገድደናል፤ ልጆች በአባቶቻቸው ቋንቋ መዘመር ብቻ እንጂ ማልቀስና መክሰስ ካልተፈቀደላቸው፣ እውነተኛውን ነገር በሌላ ቋንቋ ይናገሩታል።

የዛሬው ስደት ከጥንቱ ይለያል። ላትቪያ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነች ወዲህ ብዙ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደ አየርላንድና ወደ እንግሊዝ ሄዷል። በ1989 ቈጠራ 2.67 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ ከልደት ማነስም ጭምር ዛሬ ከ1.9 ሚሊዮን በታች ወርዷል። እንዲህ ያለውን ስደት ላይማ ሙክቱፓቬላ ቀደም ብላ በ2002 ባወጣችው ልብ ወለድ፣ በአየርላንድ እንጉዳይ የሚለቅሙ ላትቪያውያንን ኑሮ ጽፋዋለች። በዚህ መጽሐፍ ስደተኛው ጀግናም ሰማዕትም አይደለም፤ እጁ የቈሸሸ ሠራተኛ ነው። ደራሲዋም ይህን በገዛ ቋንቋዋ መጻፏ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ጋዜጣው፣ ትምህርት ቤቱና መዘምራኑ ለድርሰት አንባቢን ያዘጋጃሉ፤ ያለ እነርሱ ሳሊንሽም ሰሚ ባላገኘ ነበር። ነገር ግን አንባቢ ያለ አዲስ ድርሰት ቢቀር ቋንቋው በአምበር እንደ ተያዘው ነፍሳት ይሆናል። ይህ አሳብ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች አማርኛ ለሚማሩ ልጆቻችንም ይጠቅማል። መምህራን ሆይ፣ ለልጁ ፊደሉንና መዝሙሩን ካስተማራችሁት በኋላ፣ የሚያድግበትን መንገድና የሚያስጨንቀውን ነገር በአማርኛ ጻፍ በሉት። በዚያን ጊዜ ቋንቋው የወላጆቹ አደራ ብቻ ሳይሆን የራሱም ገንዘብ ይሆናል።