ስልጆ ለሁለት

ቁይ ከተማ ላይ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ለስልጆ ሰናፍጭ የሚወቀጥበት ቤት ከሩቁ በጠረኑ ይታወቃል። ሽሮና ክክ በሚደጋገሙበት የ55 ቀን ጾም ስልጆን የሚያህል ምግብ አላውቅም፤ ሲሠራ ማየቱም ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

አዛውንት ጎረቤቶቼ፣ ባልና ሚስት፣ በየዓመቱ አብረው ይሠሩታል። የእኛ አገር ወንድ ጓዳ አይገባም ይባላል፤ እኚህ አባወራ ግን የስልጆውን ሱፍ ራሳቸው ወቅጠው ያቀርባሉ። ሚስት በውኃ በጥብጠው ያጠልሉና ነጩን ወተት እሳት ላይ ይጥዱታል። የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰ ሲማሰል እጅ ካረፈ ይጓጉላል። «አንቱ፣ ወሬውን ይተዉና ያማስሉ!» ይሏቸዋል ባላቸውን።

ሲቀዘቅዝ የተወቀጠ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት፣ ተከድኖ ጥቂት ቀን ይቦካል። ባል መታገሥ አይሆንላቸውም፤ «ደርሶ እንደሆነ ልየው» ብለው በጣታቸው ይቀምሳሉ። ሰናፍጩ አፍንጫቸውን ሰርስሮ እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል፣ ሚስት «ምነው፣ ማን ሞተብዎት?» ይላሉ፤ ሁለቱም ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል።

የቦካው ስልጆ ለስላሳ የጤፍ እንጀራ ላይ ሲፈስ፣ ኮምጠጥ ብሎ አፍንጫ ድረስ የሚዘልቀው ጣዕሙ ሁለተኛ እንጀራ ያስጨምራል።