ዙም ሌንስ በጥጉ ሲፈተን

ዙም ሌንስ የሚፈትሽ ሰው ያነሳውን ፎቶ ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው መሃሉን ነው። እኔ በቀጥታ ወደ ጥጉ ነው የምሄደው። መሃሉንማ ርካሹም ሌንስ ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። በ36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ላይ ጥጉ ከመሃሉ 21.6 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ እዚያ የሚደርሰው ብርሃን መስታወቶቹን ሁሉ በሰያፍ አቋርጦ ነው። የሠሪው ትጋትም ሆነ ቸልታ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ለፎቶ ካሜራ የወጣው ፎክትሌንደር ዙማር 14 መስታወቶች ነበሩት። ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ ፍራንክ ባክ የነደፈው፣ ለዘመኑ ጉድ የተባለ ሥራ ነው፤ በዛሬ ዓይን ሲታይ ግን ጥጉ ደብዛዛ ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ከ14 እስከ 24 ሚሊ ሜትር የሚሄደው የኤፍ 2.8 ዙምም መስታወቶቹ 14 ናቸው። ቁጥሩ ያው ሆኖ የተለወጠው የመስታወቱ ዓይነትና አቀራረጹ ነው።

ይህን የኒኮን ሌንስ በእጅ ይዞ ማየት ደስ ይላል። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የፊተኛው መስታወት እንደ በሬ ዓይን ያበጠ ነው፤ ቀለበቱን ወደ 14 ሲያዞሩት ወደ ፊት ይወጣል፣ ወደ 24 ሲመልሱት አብሮት ወደተሠራው የብርሃን መከላከያ ውስጥ ይገባል፤ የሌንሱ ርዝመት ግን አይለወጥም። ሦስቱ መስታወቶች ገጻቸው የኳስ ቅርጽ የለውም፤ ጉብጠታቸው ከመሃል ወደ ዳር እየተለወጠ ይሄዳል። በሰያፍ የገባው ጨረር ተበትኖ እንዳይቀር ብዙውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ፈተናው የሌሊት ሰማይ ነው። ደከም ባለ ሰፊ ዙም፣ ቀዳዳው (አፐርቸሩ) እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ጥግ ላይ ያለች ኮከብ ግራና ቀኝ ክንፍ ታወጣለች። በዚህኛው ኤፍ 2.8 ላይ ክንፏ ትንሽ ነው፤ ኤፍ 4 ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሰበሰባል። የካኖን ካሜራ የያዙ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን የኒኮን ሌንስ በአዳፕተር እያሰሩ የሠሩበት ያለ ምክንያት አይደለም።

አፐርቸሩን ማጥበብ ጥጉን የሚያጠራው ከመስታወቱ ዳር የሚገባውን አስቸጋሪ ጨረር ስለሚቆርጥ ነው፤ የጥጉም ጨለማ ይቀንሳል። ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ብርሃኑ በጠርዙ ሲያልፍ ይበተናል፤ ኤፍ 8 ላይ የአንድ ነጥብ ብርሃን ወደ 11 ማይክሮ ሜትር፣ ኤፍ 16 ላይ ወደ 21 ማይክሮ ሜትር ይሰፋል። ባለ 36 ሜጋፒክስል ሴንሰር ላይ የአንዱ ፒክስል ስፋት 5 ማይክሮ ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። በጥሩ ዙም መሃሉ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ላይ የጥራቱ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ጥጉ ግን አንድ ሁለት ደረጃ ዘግይቶ፣ ኤፍ 8 አካባቢ ነው። ሕንፃ ወይም መልክዓ ምድር ሳነሳ ኤፍ 8 እመርጣለሁ፤ መሃሉ የሚያጣው ለዓይን አይታይም፣ ጥጉ የሚያገኘው ግን ይታያል። ኤፍ 22 በሌንሱ ላይ ባይኖር ቅር አይለኝም ነበር።

ዙም እስከሆነ ድረስ ደግሞ አንድ ቁጥር ይዞ መቀመጥ አይቻልም። ለ14 የበቃው ቀዳዳ ለ24 ላይበቃ ይችላል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሮ፣ ራቅ ባለ የጡብ ግድግዳ ፊት በሁለቱም ጫፍና በመካከሉ እያንዳንዱን ደረጃ ማንሳት ነው። ከዚያ አራቱንም ጥጎች ማየት፤ ካሜራው ለግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ሦስቱ ጠርተው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ በውስጡ ያለ መስታወት ከመስመሩ ወጥቷል ማለት ነው። እሱን ኤፍ 8 ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያድነውም። አራቱም እኩል ከደበዘዙ ግን ሌንሱን ለመውቀስ አይቸኮልም፦ ፎከሱን ጥጉ ላይ አድርጎ እንደገና ማንሳት። አሁን ጥጉ ጠርቶ መሃሉ ከለሰለሰ፣ ሌንሱ በጥርት የሚያሳየው ስፍራ እንደ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሳይሆን የጎበጠ ነው። ፎከሱን በመሃልና በጥግ መካከል አድርጎ ቀሪውን ለአፐርቸሩ መተው ይቻላል።

በጥጉ ላይ በቅርንጫፎች ዳር የሚታየው ቀይና አረንጓዴ ጭረት ግን ቀዳዳ ቢጠብም አይለቅም፤ እሱ የሶፍትዌር ሥራ ነው።

ይህ የኒኮን ሌንስ ትልቁ ድካሙ ፀሐይ ናት። ያ ያበጠ መስታወት ተራ ፊልተር አይቀበልም፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ሲመታውም በምስሉ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ይበትናል። ለዚህ የትኛውም ኤፍ አይረዳም። በእጅ መጋረድ ነው መፍትሔው፣ በ14 ሚሊ ሜትር ላይ እጁም ምስሉ ውስጥ ካልገባ።