«ዘርህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር ጨዋታ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊምቢቹ ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ መክበብ ከጀመርን ዓመት ሞላን። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው «ድልድዩ ፈርሷል፣ ከማዶ ጭስ ይታያል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል። መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ባለ 20 ገጽ ዛራ ይፈርዳል።

እንዲህ ያለ ዛራ አልነበረንም። ከ1 እስከ 20 በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ጠቀለልንና ባርኔጣ ውስጥ ጨመርነው። ኋላ እንዳነበብኩት አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዛራ ሲያጥረው ቁጥር የታተመባቸው ትንንሽ ካርቶኖችን በሳጥኑ ከትቶ ይሸጥ ነበር።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡት የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። መነሻው በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄድ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። እነሱ ያመጡት ለውጥ ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙን ትቶ አንድ ሰው ሆኖ እንዲኖር ማድረጋቸው ነው። እንቆቅልሽ ሲጠያየቅ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ አይደለም። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ «ጎንደርን ሰጠሁህ» የተባለው ልጅ እዚያው ምድጃ ዳር የጎንደር ጌታ ይሆናል፤ የሚጠራጠረው የለም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስም ትልቁ ኃይል ይኸው ነው፤ በቃል የተሰጠ አገር እውነት ይሆናል። በእኛ ጠረጴዛ ትረካው በአማርኛ ነው፤ ነገር ሲጠብቅ ምክክሩ ወደ ሀዲይሳ ይገባል። ያኔ ጨዋታው እንደያዘን አውቃለሁ።

የጦር ሜዳ ልጅነቱ ግን አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ 320 ገጽ አለው፤ ወደ 80 ገጽ የሚጠጋው የድግምት ዝርዝር ነው። የውጊያው ሕግ ተራው የጠራ፣ ልብ የሚያንጠለጥል ነው። እርቅ ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉ ይደኸያል። ታሪካችንን ያኖርነው ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርድ ምናባዊ ቆላ ውስጥ ነበር። ሁለት መንደሮች በግጦሽ ተጣሉ፤ ከመካከላችን አንዷ ሽማግሌ ይዛ ልታስታርቅ ገባች። ማሳመን በሕጉ አንድ ዕጣ ነው። 15 መድረስ ነበረባት፤ የወጣላት 4፣ የሞገስ ነጥቧ 3 ቢደመርበትም 7። ደም ያፋሰሰ ጠብ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ተዘጋ። «ሽማግሌ በአንድ ቀን ተስፋ ይቆርጣል እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ እርቅን በሦስት መቀመጫ እንጫወታለን፤ መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ ጥፋቱን መለየት፣ በመጨረሻ ካሳ። ዕጣው ሲከፋ ካሳው ይከብዳል እንጂ ሽምግልናው አይፈርስም። የዓመቱ ምርጥ ምሽቶቻችን እነዚህ ነበሩ።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። የ2014ቱን ሕግ ስተረጉም፣ ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዘርህ ምንድን ነው?» ሆኖ ወጣ። እጄ ቆመ። ይህ ጥያቄ በአገራችን ሰው ያፈናቀለ ጥያቄ ነው። ችግሩ ደግሞ ከቃሉ ያልፋል፤ ሒሳብም አለው። ከጨዋታው ምናባዊ ሕዝቦች ድዋርፍ ድዋርፍ ሆኖ በመወለዱ ብቻ ጽናቱ በ2 ይጨምራል፤ የኤልፍ ቅልጥፍና እንዲሁ። ኦርክ በጭራቆች ዝርዝር ውስጥ የአእምሮ ነጥቡ 7፣ ባሕርዩ ክፉ ተብሎ ተመዝግቧል። አንድ ቅዳሜ የኦርኮችን ሰፈር ወርረን ካሸነፍን በኋላ አንደኛው ተጫዋች «ሕፃናቱስ?» ብሎ ጠየቀ። ተራኪው እኔ ነበርኩ፤ መልስ አልነበረኝም። የዚያን ቀን ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ።

በ2024 የወጣው አዲሱ እትም ይህን አርሟል። «ሬስ» የሚለውን ቃል በ«ስፒሺስ» ለውጧል፤ የችሎታ ጭማሪውን ከትውልድ ነጥቆ ሰውየው ለኖረበት ሙያ ሰጥቷል፤ ገበሬ ነበር፣ ወታደር ነበር፣ ጸሐፊ ነበር በሚል። ኦርክም በዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ተጫዋች ሊይዘው የሚችል ገጸ ባሕርይ ሆኗል። ሃምሳ ዓመት የዘገየ ቢሆንም ተገቢ እርማት ነው። አዲሱን ቃል «ዝርያ» ማለት ለእኔ የከብትና የቡና ሆኖ ስለተሰማኝ እኛ «ፍጥረት» ብለነዋል።

ስለዚህ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አዲሱን ሕግ ነው። መሠረታዊ ሰነዱ፣ ቅጂ 5.2 የሚባለው፣ በ2025 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ወጥቷል፤ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም በአማርኛም በሀዲይሳም ሊተረጉመው ይችላል። የእኛ ትርጉም ገና በእጅ የተጻፈ ሦስት ደብተር ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ቃላቱን አብረን እናቃና።