ጣፋጭ ፈንዲሻ በምን ይለካል?

በክረምት ከደምበጫ ተነስቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ግራ ቀኙ በቆሎ ነው። ይህን ሁሉ ማሳ ያየ እንግዳ «እዚህ አገር ፈንዲሻ ምን ይቸግራል?» ሊል ይችላል። ይቸግራል። በ1993 እ.ኤ.አ. ከባኮ ምርምር የወጣው ቢኤች 660ም ሆነ ሊሙ የሚባለው ዝርያ ለእንጀራ፣ ለጠላ፣ ለአረቄ የተባረከ ነው፤ ድስት ውስጥ ግን ሰንጠቅ ብሎ ቆሎ ይሆናል እንጂ አይፈካም። ውስጡ ለስላሳ ዱቄት ይበዛዋል፣ ልጣጩም እንፋሎት አፍኖ አይዝም። የፈንዲሻ ፍሬ አነስ ያለ፣ ጠጣርና የሚያብለጨልጭ ነው። 14 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ፣ የታፈነው እንፋሎት ልጣጩን በጥሶ ይወጣል።

ስለዚህ ሙያው የሚጀምረው ከገበያ ነው። ጥሬውን መዳፍዎ ላይ ዘርግተው ይዩት። ነቀዝ የበሳው ፍሬ እንፋሎቱ በቀዳዳው ያመልጣል። በዱላ ተወቅቶ ልጣጩ የተሰነጠቀውም እንደዚያው ነው፤ የፈንዲሻ ዘር በእጅ ቢፈለፈል ይሻላል። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስና ሙቀት ሲመታው የከረመ ከሆነ ደግሞ ውሃው አልቆ ይሆናል። ይህኛው መድኃኒት አለው፦ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሮ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ እየነቀነቁ ጥቂት ቀን ማቆየት።

አሁን ወደ ስኳሩ። ብዙ ቤት የሚደረገው ፈንዲሻው ከወጣ በኋላ ስኳር መነስነስ ነው። ለእኔ ይህ ጣፋጭ ፈንዲሻ አይባልም፤ ፈንዲሻው ለብቻ፣ ስኳሩ ለብቻ ነው። ግማሹ ስኳር ከትሪው ሥር ይቀራል፣ ልጆች በጣታቸው ይለቅሙታል። ስኳሩ ከጥሬው ጋር አብሮ ድስት ሲገባ ግን ቀልጦ እያንዳንዱን ፍሬ በስሱ ያለብሰዋል። ልኩ ለሁለት ሲኒ ጥሬ አንድ ሲኒ ስኳርና አንድ ሲኒ ዘይት ነው። ዘይቱ ሽታ የሌለው የተጣራ ይሁን (የፌቤላ ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ቡሬ የዘይት አገር ሆናለች)። የኑግ ዘይት ለሌላ ምግብ ይጣፍጥ ይሆናል፣ እዚህ ግን ሽታው ይጫናል። ቅቤ ደግሞ ቶሎ ያርራል፣ በጾምም አያስበላም።

ዘይቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል አድርጎ እነሱ እስኪፈነዱ መጠበቅ፤ ከዚያ ጥሬውንና ስኳሩን አንድ ላይ ጨምሮ መክደንና ሳያቋርጡ መነቅነቅ። አደጋው ስኳር የሚያርርበት ሙቀት በቆሎው ከሚፈነዳበት እምብዛም አለመራቁ ነው። የከሰል ምድጃ ይታዘዛል። በገጠር በእንጨት እሳት የምትሠራ ሴት ግን ነበልባሉን መቀነስ ስለማትችል ድስቱን ራሱን ከጉልቻው ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው የምትሠራው፤ ከዚህ እሳት ያላረረ ፈንዲሻ ያወጣች ባለሙያ ናት። ድምፁ ሲሳሳ፣ በሁለት ፍንዳታ መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲቆጠር፣ ወዲያው ማውጣት ነው። የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች አፈነዳለሁ ያለ ሁሉንም ያሳርራል። ማውጫውም ሰፊ ትሪ ይሁን፤ ሰፌድ ላይ ትኩስ ስኳር ከስፌቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ሲቀርብልዎ መጀመሪያ ቀለሙን ይመልከቱ። ጥሩው ነጭ ሆኖ እዚህም እዚያም ወርቃማ ነካ ያደርገዋል። ቡናማ ከበዛበት ምሬት አለው። ሲያነሱት አንድ በአንድ መለያየት አለበት፤ እንደ ጎፍላ ከተያያዘ ወይ ስኳሩ በዝቷል፣ ወይ በትሪው ላይ ሳይበተን ቀዝቅዟል። ጣት ላይ መጣበቅም የለበትም። ጥርስ ላይ መጀመሪያ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ይሟሟል። እንደ ጎማ ከተሳበ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተገጥሞ እንፋሎቱ ተመልሶበታል ማለት ነው። ያልፈነዳ ጥቂት ፍሬ ነውር አይደለም፤ ከእፍኝ ካለፈ ግን ጥሬው ደርቆ ነበር።

ፈንዲሻ የቡና ቁርስ ነውና እውነተኛው ፈተና ያለው በመጨረሻው ዙር፣ በረካ ላይ ነው። አቦል ላይ ትኩስ ስለሆነ ማንኛውም ፈንዲሻ ይጣፍጣል። ስኳር የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ደካማው ፈንዲሻ ቶና ሳይወርድ ይልማል፣ በስሱ የተለበሰው ግን እስከ በረካ ቀጭ ይላል። ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት ጣፋጩ ጠንከር ቢል ያምርበታል፤ ሲኒው ራሱ በስኳር የተሞላ ከሆነ የፈንዲሻውን ስኳር በግማሽ ይቀንሱት።

ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ ድስቱን ሳያጥቡ አይጣዱ፤ ከሥሩ የቀረው ስኳር ያርርና ምሬቱን ለአዲሱ ይሰጠዋል።