ሦስተኛው ትውልድ በማን ላይ ይስቃል?

በሐኑካ ዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ ብቻውን ይስቃል። የሚያየው «ሐሳምባ ዶር ሻሎሽ» ነው። «ያሮን ዛሃቪ ማን እንደሆነ ግን ታውቃለህ?» አልኩት። «አዎ፣ ሽማግሌው ነዋ!» አለኝ።

ይቺ መልስ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ለእኔ ያሮን ዛሃቪ ልጅ ነው። አራተኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ሽፋኑ በስኮች የተለጠፈ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁት፣ የማይፈራ፣ የማይሳሳት፣ አፉን በከፈተ ቁጥር እንደ ጦር አዛዥ የሚናገር ልጅ። ወንድሜ መጽሐፉን አልነካውም። እሱ ጋ ቀድሞ የደረሰው ቀልዱ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐሳምባ ማለት «ሐቩራት ሶድ ሙሕላት ቤሄሕሌት» ነው፤ በአማርኛ ፍጹም፣ ፍጽም ብሎ ምስጢር የሆነ ቡድን እንደ ማለት። ደራሲው ይጋል ሞሲንዞን ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ፤ ተከታታዩ 44 መጻሕፍት ደረሰ። የቴል አቪቭ ልጆች በምስጢር ዋሻቸው እየተሰበሰቡ መጀመሪያ እንግሊዞችን፣ በኋላም ሌባውንም ሰላዩንም ያሸንፋሉ። በ1971 ፊልም ተሠራበት፤ ያሮን ዛሃቪን ሆኖ የተጫወተው ሽሎሞ አርጺ ነው (አዎ፣ ዘፋኙ)። «ዶር ሻሎሽ»፣ ማለትም ሦስተኛ ትውልድ፣ በ2010 በሆት ቴሌቪዥን የመጣው ነው። የድሮዎቹ ጀግኖች አርጅተዋል፣ ዓለሙም ተለውጧል፣ እነሱ ግን አሁንም ሐሳምባ ናቸው።

ይህን ዓይነት ሥራ ፓሮዲ እንለዋለን። ለነገሩ አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ፌዝ አለ፣ ስላቅ አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ ቧልት አለ። ችግሩ ሁሉም ትንሽ ይቆነጥጣሉ። እናቴ «እያፌዝክ ነው?» ካለች ነገሩ አልቆለታል። ፍቅር ያለበት ፌዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ አያቱ ሲያወሩ ድምፃቸውን አስመስሎ ሲናገር አያትየው ራሳቸው የሚስቁት ዓይነት። እንዲህ ለመቀለድ እዚያ ቤት ማደግ ያስፈልጋል። «ዶር ሻሎሽ» ጥሩ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ጀግኖቹን አይንቅም። የሚያስቀው ያ የመጽሐፍ ቋንቋ፣ ያ ሁሉ ወኔ፣ ጉልበቱ ከሚያመው ሰው አፍ መውጣቱ ነው። ሠሪዎቹ መጽሐፉን በልጅነታቸው በብርድ ልብስ ሥር ማንበባቸው ያስታውቃል። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል፤ በጣም ስለሚወዱት በእርጅናው ይስቃሉ እንጂ ጠለቅ ብለው አይነኩትም።

ምን ማለቴ ነው? ከሐሳምባ ልጆች አንዱ ምናሼ ነው። ምናሼ ብቻ ግን አይባልም፤ «ምናሼ ሃቴማኒ»፣ የመናዊው ምናሼ ነው። ያሮን «ፖላንዳዊው ያሮን» አይባልም። አራተኛ ክፍል ሆኜ ይህ አልከነከነኝም፤ እንዲያውም ምናሼን ወደድኩት፣ ከሁሉም እኔን የሚመስለው እሱ ነበርና። ከዓመታት በኋላ ነው «እኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብኖር ስሜ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ያሰብኩት። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ክፍላችሁ ውስጥ ብቻችሁን ከነበራችሁ ደግሞ በስሙም ተጠርታችሁበታል።

እንግሊዞች በዚህ በኩል ደፋር ነበሩ። የኢኒድ ብላይተን «አምስቱ» ልጆች ከ1942 እስከ 1963 በወጡ 21 መጻሕፍት ሽርሽር እየሄዱ ወንጀለኛ ይይዛሉ። ኅዳር 2 ቀን 1982 ቻናል 4 ሥራ በጀመረበት በዚያው ምሽት «ፋይቭ ጎ ማድ ኢን ዶርሴት» የተባለ ፓሮዲ ታየ። ብስክሌቱ፣ ፀሐዩ፣ ውሻው፣ ምግቡ ሁሉ እንደ መጽሐፉ ነው። ልጆቹ ግን መልኩ ያልጣማቸውን ሰው ሁሉ ለፖሊስ የሚጠቁሙ ጉዶች ናቸው። ቀልዱ መጽሐፉ ውስጥ ድሮም የነበረውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። እንዲህም ሆኖ ፍቅሩ አልጎደለም፤ ያን ሁሉ ዝርዝር የማይወድ ሰው ልብ አይለውም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ማይክል ፔሊንና ቴሪ ጆንስ በቢቢሲ «ሪፒንግ ያርንስ»ን ሲሠሩም እንዲሁ ነበር፤ በአንዱ ክፍል እንግሊዛዊው ጀግና የአንዲስን ተራሮች በእንቁራሪት ካላቋረጥኩ ይላል።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። እንግሊዝ አገር «አምስቱ» ሲነሱ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ስለ ብዙ የዝንጅብል ቢራ የምትነገር አንዲት ሐረግ አለች። ሐረጓ በብላይተን መጻሕፍት ውስጥ የለችም፤ ከፓሮዲው የመጣች ናት። ቀልዱ ዋናውን ተክቶታል። ወንድሜ «ሽማግሌው ነዋ!» ሲለኝ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ያሮን ዛሃቪ ቢተካ ግድ የለኝም፤ 44 መጽሐፍ አለው፣ ራሱን ይችላል። የእኛስ?

የእኛ የጀብዱ ታሪክ ያው የሱዳን መንገድ ነው። ልጆች፣ ሌሊት፣ ሽፍታ፣ ምስጢር፣ ዋሻ፤ ሐሳምባ ተመኝቶ ያላገኘው ሁሉ አለው። በቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ጀብዱው የሌላ ሰው ይሆናል። ጊዲዮን ራፍ በ2019 ለኔትፍሊክስ የሠራውን ፊልም አይታችሁ ይሆናል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን ባሕር ዳርቻ አሩስ በተባለ ቦታ በመዝናኛ ሽፋን ስላካሄደው ሥራ ነው። ዋናውን ጀግና የሚጫወተው ክሪስ ኢቫንስ፣ ካፒቴን አሜሪካ ራሱ ነው። በፈረደ አክሎም ሕይወት ላይ የተመሠረተው ሰው ከጎኑ ይቆማል፤ ሌሎቻችን በጨለማ መኪና ላይ እንጫናለን። ይህ ፊልም ሳያውቀው የልጆች ጀብዱ መጽሐፍ ነው፤ ፓሮዲም የሚለምን ነው። እስካሁን የሠራለት አላየሁም።

ወደዚያ የቀረበው ዮሲ ቫሳ ይመስለኛል። በልጅነቱ በእግሩ ወደ ሱዳን የተጓዘ ሰው ነው፤ «በአማርኛ ይሻላል» በሚለው የመድረክ ሥራው ያን ጉዞ እያሳቀ ተረከው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የፈጠረው «ነብሱ» በ2017 ጀምሮ በ2018 ለኮሜዲ ዓለም አቀፉን ኤሚ ወሰደ፤ በቴሌቪዥን አንድ የእኛ ቤተሰብ ያለ ፖሊስና ያለ ለቅሶ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀልድ ያየሁት ያኔ ነው። ግን «ነብሱ» የትዳርና የአማቾች ቀልድ ነው፤ መንገዱን ብዙም አይነካውም። እኔም ብሆን መንካት እፈራለሁ። ሲግድ ላይ፣ በመታሰቢያው ቀን፣ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ታሪኩ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ ነው የሚነገረው፣ በለሆሳስ። በለሆሳስ የሚነገርን ነገር ማን ደፍሮ ይቀልድበታል?

ከዕረፍቱ በኋላ አንድ አርብ ቀን አባባና ወንድሜ እኔን ሊያዩ ኢየሩሳሌም መጡ። በኢትዮጵያ ጎዳና ወሰድኳቸው፤ ጠባብ ናት፣ ሁለቱም ወገን የድንጋይ አጥር ነው፣ ከመሀል ከተማው ጫጫታ ድንገት ዝም ትላለች። በአንድ በኩል የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በር ከነአንበሶቹ አለ። ከፊት ለፊቱ፣ ቁጥር 11፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ነው፤ ሐሳምባ የተጻፈበትን ዕብራይስጥ ያስነሣው ሰውዬ። አባባ በሩ ላይ የተቀረጸውን የግዕዝ ፊደል እየለቀመ አነበበ። ወንድሜ ፊደል አይቆጥርም። «ምስጢር ነው እንዴ? ኮድ ነው?» አለ።

አባባ ያኔ ምን እንደነካው እንጃ፣ ፊቱን አኮሳተረና እንደ ድሮ ሬድዮ ዜና አንባቢ ድምፁን አወፈረ። «ቡድናችን ሰባት ሰውና አንድ አህያ ነበር» አለ። «አዛዣችን መንገድ አውቃለሁ ያለ ሰውዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መራን። ሲነጋ ያቺው ዛፍ። በማግስቱም መራን፣ ያቺው ዛፍ። በሦስተኛው ቀን አህያዋ እምቢ አለች፤ ከሁላችን ብልጥ እሷ ነበረች።» ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በዚህ ድምፅ ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ሰባት ሲል ደግሞ ቆጠርኩ፤ ሱዳን የደረሱት ስድስት መሆናቸውን አውቃለሁ፣ ወንድሜ አያውቅም።

«ቬ-አዝ? ከዛስ አባባ?» አለው።

አባባ ኮፍያውን አስተካከለ። «ከዛማ» አለ በራሱ ድምፅ፣ «መጀመሪያ ቁጭ የምንልበት ቦታ ፈልጉ፤ ይሄ ቆሞ የሚወራ አይደለም።»