ውድነሽ በየትኛው ሣጥን ትግባ?

በአንድ ኮሌጅ ስለ ልጅ አስተዳደግ ለሚሰጥ ትምህርት መጻሕፍት ከመረጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩት አብዛኞቹ ከአንድ ሠንጠረዥ አይርቁም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችንና ወላጆቻቸውን አጥንታ ወላጅን በሦስት ከፈለችው፤ «አዛዥ»፣ «ልቅ»፣ እና ጠበቅ እያደረገም የሚያስረዳ «ሚዛናዊ»። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች «ቸልተኛ» የሚል አራተኛ ጨመሩበት። ለመምህር የሚመች ሠንጠረዥ ነው፤ ፈተና ለማውጣትማ አይነገርም።

እኔ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከዝርዝሩ እንዲገባ ጠየቅሁ። ፊታውራሪ መሸሻ አያስቸግሩም። ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ የሚመልሱ አባት ናቸውና በመጀመሪያው ሣጥን ያለ ክርክር ይገባሉ። ውድነሽ በጣሙስ? የበዛብህ እናት ለልጇ የምትሳሳ ሴት ናት። የተሳለችውም ስለምትሳሳለት፣ እንዲኖርላት ብላ ነው። ልጁ ፈቃዱን መናገር ሳይችል ዕድሜውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችበት፤ ያ ስለት በኋላ ከሰብለ ጋር ሲዋደድ እንደ ጥላ ይከተለዋል። ይህች እናት ልቅ አይደለችም፤ ቸልተኛ ማለትማ ነውር ነው። አዛዥ እንዳንላት ፍቅሯ ይከለክለናል፤ ሚዛናዊ እንዳንላት ልጁን አልጠየቀችውም። ለመሆኑ በእኛስ ቤት ልጁ ሳይወለድ «ሐኪም ይሁንልኝ» ብሎ የተሳለው ስንቱ ነው? ተማሪዎቹ ነገ ወላጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ናቸው። ራሳቸውን በፊታውራሪው ውስጥ አያገኙም፤ በውድነሽ ውስጥ ግን ሳያገኙ አይቀሩም።

አንድ ባልደረባ «ልብ ወለድ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። አይሆንም፤ ግን የሐኪም መጽሐፍም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ በሚሊዮኖች ተሽጧል፤ ለብዙ ዓመታትም እትሞቹ ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመክሩ ነበር። በ1994 አሜሪካ ውስጥ ጨቅላን በጀርባው የማስተኛት ዘመቻ ተጀመረ፤ በተከታዮቹ ዓመታት እዚያ ድንገተኛ የጨቅላ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። እንደ እኔ እንደ እኔ አሮጌውና አዲሱ እትም ጎን ለጎን ቢነበቡ ከአዲሱ ብቻ የበለጠ ያስተምራሉ።

ልብ ወለዱ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ረጅም ነው፤ የበዛብህ ልጅነት የተተረከበት የመጀመሪያው ክፍል ይበቃል። ፈተናው ላይ ግን «ፊታውራሪ መሸሻ የትኛው ዓይነት ወላጅ ናቸው?» የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ አደራ ብያለሁ።