የማይዋጥ ቡና

ሥራ መያዜን እናቴ ለጎረቤት ስታወራ፣ «ልጄ ቡና እየጠጣች ደመወዝ ይከፈላታል» ብላ ነበር። የእኔም ሐሳብ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጅማ፣ ሂርማታ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ነው ያደግሁት። የቡና ቀማሽ ሥልጠና ማስታወቂያ ሳነብ ለዚህማ ከእኔ ወዲያ ማን አለ አልኩ። የመጀመሪያው ዕለት አሠልጣኛችን ለእያንዳንዳችን አንድ ማንኪያ ሰጡን፤ ቀጥለው በግራ እጃችን የፕላስቲክ ኩባያ አስያዙን። ኩባያው ለመትፊያ ነው።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት እተፋለሁ። ቡና በሚገባበት ሰሞን፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በቀን አርባ ናሙና የሚቀርብበት ጊዜ አለ፤ ለአንዱ ናሙና አምስት ሲኒ ስለሚቀዳ ሁለት መቶ ሲኒ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ብውጥ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳልውጠውም እንኳ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌሊት አለ።

ቤታችን ቡና መማግ ነውር ነበር፤ እንግዳ ፊት ድምፅ ያወጣ ልጅ በዓይን ይቆነጠጣል። እዚህ ግን ፉጨት የሚመስል ድምፅ ያላወጣ አልቀመሰም። ቡናው ከአየር ጋር ተበትኖ ምላስንም ላንቃንም፣ በጉሮሮ በኩል ዞሮ አፍንጫንም መድረስ አለበት። ጠዋት ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ሚጥሚጣ የለም፣ ሽቶ የለም፤ ከሥራ በኋላ ሠርግ ካለብኝ ሽቶዬን በቦርሳ ይዤ ነው የምወጣው። ረመዳን ሲገባ የሚጾሙት ባልደረቦቼ የጥሬ ቡና እንከን ወደ መቁጠሩ ይዞራሉ፤ ሁዳዴ ላይ ደግሞ ተራው የእኛ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ይህ ሁሉ አልተጻፈም።

የምላስ ተራ ደግሞ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ጥሬው ትሪ ላይ ተዘርግቶ እንከኑ ይለቀማል፤ የጠቆረው፣ ነቀዝ የበሳው፣ የተሰበረው፣ ሳይበስል የተለቀመው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የደረጃ አሰጣጥ ከመቶው 40 ነጥብ የጥሬው፣ 60ው የሲኒው ነው። ቀጥሎ ይቆላል። አንድ ቀን የቆላነውን ወስጄ እናቴን ባሳያት «ይሄ እኮ ገና ጥሬ ነው» ብላ መለሰችልኝ። የእሷ ጠቁሮ ወዝ ካላወጣ ተቆላ አይባልም። የእኛ ፈካ ያለ ቡናማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ካለፈ ጥፋቱም ደግነቱም አብሮ ያራል። ከዚያ ስምንት ግራም ከሩብ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፤ አራት ደቂቃ መጠበቅ፤ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ጀርባ ሰብሮ አፍንጫን ሲኒው አፍ ላይ መድፋት።

አንድ የማልረሳው ናሙና አለ። የታጠበ ቡና ነው፤ መለያ ቁጥር እንጂ የባለቤት ስም የለውም። አንደኛውን ሲኒ ሰበርኩ፤ የብርቱካን ልጣጭ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሳጎነብስ ጆንያ ውስጥ ተረስቶ የበሰበሰ ድንች። አራተኛውና አምስተኛው ተመልሰው ብርቱካን። ቅምሻ ላይ መነጋገርም ፊት ማጨማደድም ክልክል ነው። ሆኖም ከጠረጴዛው ማዶ የነበረው ባልደረባዬ ሦስተኛው ሲኒ ዘንድ ሲደርስ ማንኪያው ለአፍታ አየር ላይ ቆመ። ወረቀታችንን ስናስተያይ ሁላችንም ሦስተኛው ላይ ክብ ሠርተንበታል።

ይህን ለማድረግ አንድ ፍሬ ይበቃል። አንድ! እንዴት እንደሆነ የገባኝ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አጋሮ በኩል ወዳለ አንድ የቡና ማጠቢያ ስሄድ ነው። እሸቱ የሚገባው ሲመሽ ነው፤ ገበሬው ቀኑን ሲለቅም ይውልና በጀርባውም በበቅሎም ያመጣዋል። መፈልፈያው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ እኩለ ሌሊትን ያልፋል። ማሽኑ ሲቆም አንድ ወጣት ባትሪውን በጥርሱ ይዞ፣ እጁን እስከ ክርኑ ከመፈልፈያው ሆድ አስገብቶ ሲዳብስ ቆየና አራት አምስት ፍሬ አውጥቶ መዳፌ ላይ አደረገልኝ። «እነዚህ ካደሩ ሸትተው ነገ ከትኩሱ ጋር ይወጣሉ» አለኝ። አሸተትኳቸው፤ ገና ጣፋጭ ነበሩ። ያን ሰዓት ደክሞት ቢተኛ ኖሮ ከሦስት ወር በኋላ ጅማ ላይ፣ ሦስተኛው ሲኒ ውስጥ ፍሬዎቹን አገኛቸው ነበር። ሥራዬ ከጣዕም ጋር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማንኪያ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሰው እንቅልፍ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሥልጠናው ሁለተኛ ወሩን ሲይዝ ስም የሌላቸው ስድስት ናሙናዎች ቀረቡልን። አንዱን ገና ሳሸተው ሆዴ ባባ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጠሁት፣ ጎኑ ላይም «ንጹሕ፣ ትክክለኛ የቡና ጣዕም» ብዬ ጻፍኩ። አሠልጣኛችን ወረቀቴን አይተው «አፈር አፈር ይላል» አሉኝ። ደግሜ ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው፤ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ዝናብ እየነካው የደረቀ ጀንፈል ነበር። ለእኔ ግን የእናቴ ቡና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቡና» ስለው የኖርኩት ነገር የእንከን ዝርዝር ውስጥ ስም ነበረው።

ነገሩ ዕንቆቅልሽ አይደለም። ደህና ደህናው ወደ ውጭ ይላካል፤ ለአገር ውስጥ የሚቀረው ከኤክስፖርት ደረጃ በታች የወደቀው ነው። አገሪቱ ከምታመርተው ግማሽ ያህሉን እኛው እንጠጣዋለን፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ለማወቅ ማንኪያ አያስፈልግም። በዓለም ገበያም የጅማ ስም ለረጅም ጊዜ የሚነሣው «ጅማ 5» በሚሉት፣ ሳይታጠብ በደረቀው አምስተኛ ደረጃ ቡና ነበር፤ ርካሽ፣ ከሌላ ጋር ተደባልቆ የሚጠጣ። የሊሙ የታጠበ ቡና ለብቻው ስም ሲያወጣ የጎረቤቱ ቡና «ጅማ» ተብሎ በጅምላ ይነዳ ነበር።

ዛፉ ምን አደረገ? ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ከታየ በኋላ፣ በሽታው ያልደፈራቸውን እናት ዛፎች ከደቡብ ምዕራቡ እየመረጠ ዘራቸውን አባዝቷል። ዛሬ ገበሬው ዛፉን በቁጥር ሲጠራ ትሰማላችሁ፤ 74110፣ 74112። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ 1974ን ይነግራሉ። አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ለዓመታት ደረቅ ቡና በርካሽ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተደራጅተው ማጠቢያ ተከሉ፤ በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጣ። ቀዬው ያው፣ ዛፉ ያው፣ ሰዎቹም ያው።

ጸጥ ያለ ሥራም መስሎኝ ነበር። በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለችው አንዲት ነጥብ በፈረሱላ ስትባዛ ግን ጸጥታ የለም። «ዛሬ ምን በልተሽ ነው የቀመስሽው?» ያለኝ አቅራቢ አለ። ቁጥሩ የማን ቡና እንደሆነ አላውቅም ብለው አላመነኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማምን አይመስለኝም።

ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ በር ላይ ጠበቁኝ። ከጌራ በኩል የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ሀጂ ይላቸዋል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ቀዩን ለይተው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቀው፣ ማታ ማታ ልጆቻቸው እየሸፈኑት ነው የሰነበቱት። ውጤቱ ተነግሯቸዋል፤ ደስ የሚያሰኝ ነጥብ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን አላጠገባቸውም።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ምን ይላል?»

«ኮክ ኮክ ይላል፣ ሀጂ። በረድ ሲል ደግሞ ማር።»

«ኮክ?» ሣቁ። «ቡና ቡና አይልም?»

ቀምሰውት አያውቁም። ቤታቸው የሚፈላው ከለቀማ የተረፈው ነው፤ ጥሩው የመሸጫ ነው። ከቆላነው ተርፎ ስለነበር አፍልቼ በሲኒ አቀረብኩላቸው። አልማጉትም፤ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብለው ፉት አሉ። ዝም አሉ። ከፈተናዬ ቀን ይልቅ የጨነቀኝ ያን ጊዜ ነው።

«ጨው የላችሁም?» አሉኝ።

ቅምሻ ቤት ጨው አይገባም። በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ ከምሳ ዕቃው ሥር በወረቀት የተጠቀለለች ቁንጥር ጨው አወጣልን። ሀጂ ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ጨለጡት።

«አሁን ቡና ሆነ» አሉ ሲኒውን እየመለሱልኝ። «ኮኩን ግን አላገኘሁትም።»